ምንም ያልተረፈበት ዓመት

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቁጥር የሚያውቅ ይመስለው ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን አባቴ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምር ከበሩ ሥር ጥጤን እየፈተልኩ ሰምቻለሁ። ዓለም ከተፈጠረ ያለውን ዓመት በዐሥራ ዘጠኝ እያካፈሉ ይገድፉታል። ከሚተርፈው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የሚነግረው እሱ ነው።

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የመስከረም አንድ ለት፣ ከነፋስ መውጫ በታች ባለው ደብራችን ደጀ ሰላም ላይ መሪጌታ ቆሞ አወጀ።

«ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ስምንት! በአራት ገደፍነው፣ የተረፈ የለም፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ሩቡን ደምረን በሰባት ብንገድፈውም የተረፈ የለም፤ ዕለቱ ሰኞ ነው። በዐሥራ ዘጠኝም የለም፤ ስለዚህ አልቦ ወንበር፣ ወንበሩ ባዶ ነው! ሁዳዴ የካቲት ዐሥራ ዘጠኝ ይገባል።»

የልጅ ልጄ የባንቺዓለም ሠርግ የካቲት ሃያ አምስት ተቆርጧል። በጾም ማን ይድራል?

የሙሽራው አባት ደምሌ ከስማዳ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እንግዲህ አይቀየሙኝ እሜቴ ታንጉ፣» አለኝ፣ «ጥር ሴት ልጄን እድራለሁ። እስከ ፋሲካ ደግሞ አልጠብቅም። እዚያው አገሬ ወገዳ ሴት ልጅ አልጠፋም።»

ሕዝቡ በቆመበት ጮኽኩ።

«መሪጌታ! በአራት ሲገድፉት ስንት ተረፈ?»

«ምንም!»

«ታዲያ ወንጌላዊ የለም አሉ? ወይስ አራተኛውን፣ ዮሐንስን ጠሩ?»

ጥምጣሙን አስተካከለ።

«ምንም አልተረፈም ማለት ሞላ ማለት ነው! ቁናው እስከ አፉ ሲሞላ ስፍር የለም ይባላል? በአራት ሲሞላ አራት ካሉ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ዐሥራ ዘጠኝ ይበሉ። አንዱን ይቀንሱ፤ ወንበሩ ዐሥራ ስምንት ነው። ዓምና በራስዎ አፍ ዐሥራ ሰባት ብለው የለ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠምጥመሽ ቅኔ ማሕሌት ግቢያ!» አለኝ። ሰዉ ሳቀ።

«እርስዎ ጠምጥመው ምን አወቁና!»

ገበዙ ቄስ ሥዩም ግን አልሳቁም። በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩን እየጫሩ አሰሉ። ቆይተው ቀና አሉ። «ነነዌ የካቲት ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሁዳዴ መጋቢት ሦስት። እሜቴ ታንጉ ልክ ናቸው።»

ቀለመ ወርቅ ተመለሰ? ወይ ፍንክች! «እኔ ባልኩት ቀን ጾም እገባለሁ!» ብሎ ማለ፤ ገባም። እኛ ባንቺዓለምን ስንድር እሱ ቤቱ ሽምብራውን ይቆረጥማል። እያወቅሁ ጮማ ላክሁለት። መለሰው።

የእሱ ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ አራት ዋለ። አገሩ ሁሉ ገና ስግደት ላይ ነው፤ በማን ፊት ዶሮ ይረድ? ከእኛ ጋር ዐሥራ አራት ቀን ጨመረ። እኛ አምሳ አምስት፣ እሱ ስልሳ ዘጠኝ። አጥንቱ ወጣ።

ኋላ ሲሞት አልቃሾቹ «ስልሳ ዘጠኝ ቀን የጾመ ጻድቅ» እያሉ ደረት መቱ። ጻድቅ! ስሌት ስላልቻለ ነው እንጂ። እኔ አንዲት ጠብታ አላወረድኩም።