በሁለቱም በኩል የሚታይ በር

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ በአክስቴ በር ላይ አሥራ አንድ የጥይት ቀዳዳዎች ቀሩ። እሷም ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ስትከፍተውና ስትዘጋው ኖረች። የማን ጥይት እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ፣ «ሲገባ ስሙን አልነገረኝም» ትላለች።

እኔ የጦርነቱ ሙዚየም አናጢ ነኝ። የመስታወት ሳጥኖቹን እግርና የፎቶግራፎቹን ክፈፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሙዚየሙ ኃላፊ በሩን ለመክፈቻው በዓል በፈለገችው ጊዜ አክስቴን እንዳግባባ የተላክሁትም እኔው ነኝ፤ ከሰው ጋር ማውራት ተራራ የመግፋት ያህል የሚከብደኝ ሰውዬ።

አክስቴ ቶሎ እሺ አላለችም። ያስጨነቃት የቀዳዳው ነገር አልነበረም። በሩ ላይ በውስጥ በኩል የሁለት ልጆቿ ቁመት በቢላ ተጭሯል፤ የታላቅየው በአንድ ጭረት፣ የታናሽየው በሁለት። ጭረቶቹ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጡ ቆይተው በአንድ ዓመት ሁለቱም ይቆማሉ። በዚያ ዓመት አንዱ ከወዲህኛው ጦር፣ ሌላው ከወዲያኛው ገቡ፤ ሁለቱም አልተመለሱም።

«ሰው ቀዳዳውን ብቻ አይቶ እንዲሄድ አልፈልግም» አለችኝ። «ልጆቼ ይታያሉ ወይ?»

«ይታያሉ።»

«በማን ቃል?»

«በእኔ።»

«አንተ እንኳ ቃል የምትቆጥብ ልጅ ነህ። እንግዲህ ያወጣሃትን አንዷን እንዳታበላሽብኝ» ብላ ፈቀደች። አዲስ በር ሠርቼ ተከልኩላትና የቀዳዳዎቹን ጨርቅ አውጥቼ አሮጌውን ወሰድኩ።

የመክፈቻው ዕለት አክስቴ ከሰው ሁሉ ቀድማ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮ ካለው ዎርክሾፕ አልወጣሁም ነበር፤ በሩን የሰቀሉት ሌሎች ሠራተኞች ናቸው። ኮራ ብዬ ይዣት ገባሁ። በሩ በአራት ወፋፍራም ብሎኖች ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ቀዳዳዎቹ ወደ እኛ፣ ጭረቶቹ ወደ ግድግዳው።

አክስቴ በሩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«ልጆቼን ከግድግዳ ጋር አፋጠጣችኋቸው?» አለች። «ነቅለህ ስጠኝ። ጋሪ እጠራለሁ።»

ኃላፊዋ ድምፅ ሰምታ ከቢሮዋ ወጣች። «እማማ፣ እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ሰኞ እናስተካክለዋለን።»

«ሰኞማ ልጆቼ ቤታቸው ናቸው።»

ጆሮዬ ጋለ። እንደ ልማዴ ቢሆን አቀርቅሬ የጫማዬን ክር እቆጥር ነበር። ግን ቃሉ የእኔ ነው።

«ሁለት ሰዓት ይበቃኛል» አልኩ።

ሁለቱም ግድግዳው የተናገረ ይመስል ዞረው አዩኝ። በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ያለውን ባዶ መተላለፊያ አሳየኋቸው። «እዚህ በማጠፊያ ልስቀለው። እንደ በር ይከፈት፣ ይዘጋ። ያኔ ከሁለቱም በኩል ይታያል።»

«ሙዚየም ውስጥ ዕቃ አይነካም» አለች ኃላፊዋ።

«በር ካልተነካ በምን ይከፈታል?» አለች አክስቴ።

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች፤ ለበዓሉ የለበሰችውን ኮት አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና፣ «ምን ልያዝልህ?» አለችኝ።

መተላለፊያው ከበሩ በአንድ ስንዝር ይሰፋል። ዕቃ ከመጣበት የእንጨት ሣጥን ሳንቃ ነቅዬ መቃን ሠራሁ። ኃላፊዋ ስትይዝ እኔ ስመታ፣ «ዝቅ ያድርጉት፣ አይ፣ በዛ» እያልኩ አለቃዬን አዘዝኳት፤ አንድም ጊዜ አልተንተባተብኩም። አክስቴ ብሎን እያቀበለች፣ «ይኼ ልጅ ለካ አፍ አለው» ትላለች። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ እንግዶቹ ደረጃው ላይ ነበሩ።

አክስቴ በሩን ዘግታ ከውስጥ ቆመች። የክብር እንግዳው አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡና በሩን ገፉት። እሷም መልሳ ገፋችው።

«ሰው ቤት ሲገባ ይንኳኳል» አለች።

እንግዳው ኃላፊዋን አዩ፤ ኃላፊዋ ጣራውን አየች። እንግዳው አንኳኩ።

«ግቡ። ከገባችሁ በኋላ ዞር በሉ፤ ልጆቼ ከኋላ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ዋለ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ መንገድ ደረሰ። ሰዉ ከውጭ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ይከታል፣ አንኳኩቶ ይገባል፣ ይዞራል። ከዚያ የራሱን ልጅ ከጭረቶቹ አጠገብ አቁሞ ይለካል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ምርኩዝ የያዘ ሰው ተራው ደርሶ ማንኳኳት አቃተው። አክስቴ ከበሩ ሥር ጫማውን አይታ ራሷ ከፈተችለት። ገባ፤ ዞረ፤ ባለ ሁለት ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ወደ ላይ ወጣ።

«ይኼ ታናሽየው ነው?» አላት።

«ነው።»

«ከእሱ ጋር አንድ ጋንታ ነበርን፤ ስለዚህ በርና ስለ ጭረቶቹ አጫውቶኛል። ጭረቱ ግን ያንሳል፣ እናቴ። አብረን በቆየንበት ጊዜ ተመዘዘ፤ እኔን ቁልቁል ነበር የሚያየኝ።» መዳፉን ከመጨረሻው ጭረት በላይ፣ ከታላቅየውም ጭረት በላይ አሳረፈ። «እዚህ ይደርሳል።»

አክስቴ እጁን አየች፣ አየችና ሳቋ ከእንባዋ ጋር አብሮ መጣ።

«ታላቁን አልፎታላ» አለች። «እበልጥሃለሁ እያለ ሲፎክርበት ነበር የኖረው። ቢላ አምጣ፣ የወንድሜ ልጅ።»

ኃላፊዋን አየኋት። የሙዚየም ዕቃ ነውና አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው።

«ቀጥ አድርገህ ጫር» አለችኝ ኃላፊዋ።

ሰውዬው መዳፉን ሳያነሳ ቆየልኝ። ከሥሩ ሁለት ጭረት ጫርኩ፤ እንጨቱ ውስጡ ገና ቀይ ነበር። ከኋላዬ ጭብጨባው ፈነዳ። አክስቴ በሩን በሰፊው ከፍታ ሰልፉን ጠራች።

«ኑ፣ ግቡ» አለች፤ «ልጄ አድጓል።»