የአባዬ ቋሚ አድራሻ

ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ትገባለች። ደንቡን ያወጣው ሰው ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ብሎ ያሰበ መሆን አለበት።

ኤፍሬም የላካቸው ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔን ለመስጠት የቀረው የአጎቴ የጋሼ ታምሩ ቃል ብቻ ነው። ዝናቡ እሳቸው ያሉበትን የጌጫን መንገድ ስለቆረጠው እኛ ወዳለንበት ሚዛን መምጣት አልቻሉም፤ «ፊታቸውን ሳላይ ደግሞ ልጅ አልሰጥም» ብለዋል። ስለዚህ አባዬ የቤቱን ኮምፒውተር ከፍቶ በቪዲዮ ደወለላቸው።

ጋሼ ታምሩ ብቅ ብለው «እንደምን ዋላችሁ» ከማለታቸው ጠፉ። አባዬ ደግሞ ደወለ። ደግሞ ጠፉ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አቶ ባምላኩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ካልፈለጋችሁን በግልጽ ንገሩን፤ አይከፋንም» አሉ።

ጓዳ ውስጥ ጥፍሬን በልቼ ልጨርሰው ደረስኩ። ኤፍሬምን እወደዋለሁ። በኢንተርኔት ምክንያት ላጣው ነው?

«አባዬ፣ ስክሪኑ ምን ይላል?» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ።

«አድራሻው በሌላ ተይዟል ይላል!» አባዬ ጡረታ እስኪወጣ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። «በአንድ ቦታ ሁለት ካርታ! ያውም በገዛ ቤቴ!»

«የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከሐያት ስልክ ገለበጥኩት። የሷ ኢንተርኔት ፈጣን ነው።»

ሐያት ልብስ ነጋዴዋ ተከራያችን ናት። ሽማግሌ መጣ ሲባል ሱቋን ዘግታ፣ ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። በቤቱ ኢንተርኔት ላይ የአባዬ ኮምፒውተርና የሷ ስልክ በአንድ ቁጥር እየተጋፉ ነው።

«አውቶማቲክ አድርገው! ራውተሩ ራሱ ያልተያዘ ቁጥር ይሰጠዋል።»

«ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን? የኔ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ይኖረዋል። ተከራይ አይደለም!»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሐያት ከበረንዳው።

አቶ ባምላኩ ጃንጥላቸውን አነሱ።

ይሄኔ ወጣሁ። እናቴ ንጋቷ «ኢየሱስ!» ብላ አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ወለሉን ማየት ጀመሩ። አባዬን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩና የኔትወርኩን ማስተካከያ ከፈትኩ። አባዬ የጻፈውን ቁጥር አጥፍቼ፣ አድራሻውን በራሱ እንዲያገኝ የሚለውን መረጥኩ። ደወልኩ። ጋሼ ታምሩ ከነሙሉ ፊታቸው መጡ።

«ትሕትና? አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መስመር እያስተካከልኩ ነው።»

«ጥሩ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ይቆዩኝ። አንቺ ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

ይህ ሁሉ ሰው ስለ እኔ ተሰብስቦ፣ እኔን የጠየቀ እስካሁን አልነበረም።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ፣ በሽማግሌ ፊት።

ጋሼ ታምሩ ዝም ስላሉ መስመሩ እንደገና የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ። አልተቋረጠም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እሷ ከፈለገች እኔ ምን ቃል አለኝ?» አሉ። «ተባረኩ።»