የልብስ ሰፊዋ ተራ

«እስከ ክርንዎ ድረስ ነው» አለች አዋላጇ ከበስተኋላ ቆማ። «በጣቶችዎም መሃል።»

ልብስ ሰፊዋ ሳሙናውን እንደገና አነሳች። በስድሳ ዓመቷ እጅ መታጠብ የሚያስተምራት ሰው አገኘች። ቀና ስትል የምራቷ እናት፣ ያቺ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ ሃያ ስትቆጥር አየቻት።

የልጅ ልጃቸው ያለ ጊዜው ከተወለደ ሁለት ወሩ ነው። ሐኪሙ «ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው» ካለ ወዲህ ቤቱን የምታዘው አዋላጇ ናት። ሳይታጠቡ መንካት የለም፤ ያስነጠሰው ሰው ደግሞ ለሁለት ሳምንት ሕፃኑን አይዝም። ደንቡስ ደግ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ደንብ አውጪዋ ቀኑን ሙሉ ልጁን ታቅፋ መዋሏ ነው። እሷ እኮ የአባቱ እናት ናት። ከሱቋ የምትላቀቀው እሁድ ብቻ ነው፤ በመጣች ቁጥር ደግሞ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ሐኪም ቤት ነው። እስካሁን አንድ ቀን አላቀፈችውም። ቅናት እንደያዛት ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላቀለለላትም።

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ምራቷ ጭኗ ላይ ንጹህ ፎጣ ዘረጋችላት።

«ዛሬስ ነቅቶ ነው የሚጠብቅዎት፣ እማማ» አለችና ጡጦ ልታፈላ ወጣች። አዋላጇም ሕፃኑን ልታመጣ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ሰፊዋን አፍንጫዋን ሲበላት የዋለው ነገር ያኔ መጣ። በመዳፏ አፈነችው። መዳፏ ረጠበ፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ማንም አላየም።

«ይኸውልዎት» አለች አዋላጇ እየቀረበች። «አፍንጫው ቁርጥ የአባቱ ነው።»

ከዚህች ሴት ደግ ቃል አልጠበቀችም፤ ይበልጥ አናደዳት። ሕፃኑ አዛጋ። ክንዶቿ ሳታዛቸው ተዘረጉ፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበቻቸው።

«ይቅር፤ አስነጥሶኛል።»

«መቼ?»

«አሁን፣ በእጄ። ከጠዋትም ደህና አልነበርኩም።»

አዋላጇ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እንግዲያው ሁለት ሳምንት መሆኑ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ይህችን ሴት ከመለመን ሞቷን ትመርጥ ነበር። ተነስታ እስከ በሩ ሄደችና እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

«እባክዎ፣ ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው ይያዙልኝ» አለች። «ከዚህ ሆኜ ልየው።»