ስልኩ ውስጥ ያለችው ቡሰይና

ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ሞሎኪያ የሚባለውን የወጥ ቅጠል የምትቀነጥሰው ሴት የሚስቱን ቀለበት አድርጋለች። ሸሐታ በመስኮቱ ፍርግርግ አጮልቆ ያያታል። ቅጠሉን ከግንዱ የምትመለምልበት አኳኋን፣ ሻሿ ሲንሸራተት በክንዷ ወደ ላይ የምትገፋበት፣ ዳክዬዎቹ ሲጠጓት በእግሯ ገፋ የምታደርግበት፣ ሁሉም የሚስቱ የቡሰይና ነው። አንድም የጎደለ ነገር የለም። የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። ሰውን እንዲህ አድርጎ ያጠና ለበጎ አላጠናም።

የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት ቀና ብሎ ቢያያት ፊቷ ሰው የለቀቀው ቤት መሰለው፤ በሩም መስኮቱም በቦታው አለ፣ ውስጡ ግን ማንም የለም። «ምነው የሪሃብ አባት፣ ራስህን አመመህ እንዴ?» አለችው። የልጃቸውን ስም ሳይቀር ታውቃለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም።

ሸሐታ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ በመንደሩ ቦዮች ዳር እጁ ያላረፈበት ሞተር የለም። ጉበቱ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ የተነገረው ለወንድሙ ደም ሊሰጥ በሄደ ጊዜ ነበር። ብዙም አልደነገጠም፤ በዚያ መንደር ጉበቱን የሚያመው ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ያላሰበው ሕክምናውን ነው። በየሐሙሱ መርፌ፣ በየቀኑ እፍኝ ሙሉ ክኒን፣ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ያህል። በተወጋ ማግስት በበጋው ሐሩር ሁለት ብርድ ልብስ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ምግብ ብረት ብረት ይለዋል። ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል።

ዶክተር ሚርቫት ገና በመጀመሪያው ቀን ባልና ሚስቱን አስቀምጣ፣ «መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ሐሳብም ይነካል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ የማይሆን ነገር ከታየህ፣ ሳታፍር ንገረን» ብላው ነበር። ሸሐታ ሳቀ። «ዶክተር፣ የታመመው ጉበቴ ነው፤ ጭንቅላቴማ ያው የድሮው ነው» አላት። ቡሰይና ግን አልሳቀችም ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳችና ከማቀዝቀዣው መርፌውን አውጥታ ተመለሰች። በሁለት መዳፎቿ መካከል ይዛ ታሞቀው ጀመር። ሸሐታ ከመሣሪያ ሣጥኑ ትልቁን መፍቻ አነሳ። ድሮ በአንድ እጁ እንደ ዱላ የሚያዞረው ብረት አሁን ክንዱን ወደ መሬት ጎተተው። ሊመታት አላሰበም። ቢያንስ ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። መርፌውን ይዛ ደጃፉን ካለፈች ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

ከዚያ በፊት ቡሰይና የት እንዳለች ማወቅ አለበት። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት።

ግቢው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሴትየዋ ከኪሷ አወጣችው። ስልኳንም ወስዳባታለች ማለት ነው።

«አሎ?»

ድምፁ የቡሰይና ነበር፤ አስመሳይ ሳይሆን እሷ ራሷ፣ ስትቆጣም ስታባብልም ዕድሜ ልኩን የሚያውቃት።

«ቡሰይና! የት ነሽ አንቺ?»

«የት እሆናለሁ? ግቢ ነኛ! ከመኝታ ቤት ሆነህ ነው የምትደውልልኝ? ካርድ ተረፈህ መሰለኝ!»

«አትሳቂ፤ ስሚኝ። ቤታችን ሴት ገብታለች። አንቺን መስላ። ቀለበትሽን አድርጋለች። አሁን መርፌ ልትወጋኝ ነው።»

የጀመረችው ሳቅ መሃል ላይ ቆመ። ሴትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሱን አየችው፤ የጨበጠውን መፍቻም አየች። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ዳክዬዎቹ የተቀነጠሰውን ሞሎኪያ ይዘርፉ ጀመር፤ ያባረራቸው የለም።

ከዚያ ሴትየዋ መርፌውን ሰሃን ላይ አኖረችና ከግቢው ወጥታ ከግንቡ ጀርባ ተሰወረች።

«ሸሐታ» አለች ቡሰይና በስልኩ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ሴትየዋ አሁንም አለች?»

«ወጣች። አንቺን ግን የት ወሰዱሽ?»

«ማንም አልወሰደኝም፤ ደኅና ነኝ። እጅህ ላይ ምንድነው?»

«መፍቻ።»

«አስቀምጠው።»

«ብትመለስስ?»

«ክፉ ሰው አይደለችም» አለች። «አውቃታለሁ። ምንም አታደርግህም። አስቀምጠው፣ በሪሃብ ይዤሃለሁ።»

መፍቻው ወለሉን ሲነካ የተሰማው ድምፅ ራሱን አስደነገጠው።

«አሁን ዶክተር ሚርቫት ጋ እንሄዳለን» አለች። «ለእኔ የነገርከኝን እንዳለ ትነግራታለህ።»

«አብዷል ትለኛለች።»

«አትልህም። ያኔ ነግራን የለ? እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ነው ኑ ያለችው።»

«አንቺስ ትመጫለሽ?»

«አብሬህ ነኝ። ስልኩን ብቻ እንዳትዘጋው።»

ዶክተሯ ወዳለችበት ወደ ማንሱራ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ሸሐታ ደረሰ። ሴትየዋ ቀድማው ገብታለች፤ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ሸሐታ መጨረሻው ወንበር ላይ በመስኮቱና በአንድ ወፍራም ሰውዬ መካከል ተሸጎጠ።

«እሷም አብራ ተሳፍራለች» ሲል አንሾካሾከ።

«ተዋት። እኔን ስማኝ» አለች ቡሰይና። ታወራለት ጀመር። እንደተጋቡ መጀመሪያ ስለተከራዩት፣ ጣሪያው ስለሚያፈሰው ቤት አወራች። ስለ ሪሃብ ልጅ፣ ጥርስ ሊያወጣ ሲል ያገኘውን ሁሉ እንደሚነክስ፣ የአማቻቸውን ጣት እንዴት እንዳደማው አወራች።

«ከማን ጋር ነው በስልክ እንዲህ የምትቆየው ወንድሜ?» አለ ወፍራሙ ሰውዬ።

«ከሚስቴ ጋር።»

«አላህ ይርዳህ! የእኔዋ ይህን ያህል ብትለፈልፍ ስልኩን ቦይ ውስጥ ነበር የምጨምረው።» ተሳፋሪው ሳቀ፤ ቡሰይናም ሰምታ ሳቀች። በዚያው ቅጽበት ከፊት የተቀመጠችው ሴት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሸሐታ አየው። አንድ ሐሳብ ጫፉን ብቻ አሳይቶት ሊያመልጠው ሲል ሊይዘው ሞከረ። አልቻለም፤ አንገቱ ሥር ላብ ብቻ ቀረለት።

ወፍራሙ ሰውዬ ከድልድዩ በፊት ወረደ። ሚኒባሱ ሲነሳ የሸሐታ ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፋ። «አሎ? ቡሰይና?» ጥቁሩ መስታወት የገዛ ፊቱን መለሰለት፤ እሱንም ለመለየት ጊዜ ወሰደበት።

ከፊት ያለችው ሴት ስልኳን አየች። ከዚያ ዞረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሞተሩ ጩኸት ግን የምትለውን ዋጠው። ተነስታ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች በመተላለፊያው ወደ እሱ ትመጣ ጀመር። ሸሐታ መስኮቱን ጨበጠ። «ሾፌር፣ አውርደኝ!» ሊል አፉን ከፈተ። ሳይለው ቀረና ዓይኑን ጨፈነ።

አጠገቡ ያለው ወንበር ጎደጎድ አለ። የማንም እጅ አልነካውም።

«የት ደርሰን ነበር?» አለ ድምፁ።

ሸሐታ ዓይኑን አልገለጠም።

«የልጁ ጥርስ ላይ» አለ፤ ሚኒባሱም ድልድዩን መውጣት ጀመረ።