ድንች መቺዋ ደሳለች

ደሳለች ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለገና ነው ብላ ነበር። አልዋሸችም፤ የእውነቱን ግማሽ ግን አስቀርታለች። የመጣችው ለምርቃት ነው። ናይሮቢ የሴቶች የጎልፍ ውድድር አለ፤ ተመርጣለች፣ የመውጫ ፈቃዱም ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተገኝቷል። የቀረው የአባቷ ምርቃት ነው፤ ያለ እሱ አውሮፕላን ላይ አትወጣም።

አባቷ አያ ሙላቴ ደግሞ ከገሳይ እስከ ጉና አፋፍ በግትርነታቸው የታወቁ ናቸው። ልጃቸው ፈረንጆች ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ የዱላ ቦርሳ ተሸካሚ ሆና ገብታ፣ ኋላ ራሷ መቺ ሆና፣ ዛሬ የዲፕሎማት ሚስቶችን እያስተማረች ደመወዝ እንደምትበላ ሲነገራቸው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ጨዋታ እንጀራ ይሆናል? ልጄን ሥራ ፈት አደረጓት።»

የቀበሌው ካድሬ ጎልፍን የቡርዧ ጨዋታ ይለዋል። አያ ሙላቴና ካድሬው በሕይወታቸው የተስማሙት በዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«የናይሮቢውን ነገር እቤት ውስጥ እንዳታነሺባቸው» አለቻት እናቷ ፈንታነሽ። «አንዴ እንቢ ካሉ የሚመልሳቸው የለም።»

የሚያስቀው፣ ነገሩን የጀመሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ደሳለች ልጅ ሳለች ሴት የገና ጨዋታ አትጫወትም ተብላ ከሜዳው ዳር ስታለቅስ፣ ከወይራ ቆልማማ ዱላ ጠርበው ሰጧት። የሚጋጠማት ግን የለም። ስለዚህ ውርጭ የመታውን ድንች መሬት ላይ እያስቀመጠች ቁልቁል ትመታው ጀመር። አባቷ ባዩዋት ቁጥር ይቆጧት ነበር። ወንዶቹ የሚሮጠውን ሩር፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ ሲያባርሩ እሷ የቆመ ድንች ስትመታ አደገች። አዲስ አበባ የቆመ ኳስ ስታገኝ ታዲያ እጇ ለምን ይደንግጥ?

የገና ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሁለቱ መንደሮች ሜዳው ላይ ተጋጠሙ። መቺዎቹ ሲደክሙ እንደ ወጉ የግጥም ስድቡ ተጀመረ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቀር ድርሻውን ተቀብሎ በግድ ሳቀ። ደሳለች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። አባቷ ካልተቆጡ ዛሬ ነው፣ ከተቆጡ ግን ምርቃቱ ቀረ።

«ወይራውን ጠርበህ ዱላ ሰጠኸኝ፣
እጄ ሲለምደው ሥራ ፈት አልኸኝ።»

አባቷን አንተ አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አያ ሙላቴ ጢማቸውን ያዙ። ወጉ በግጥም መልስ ይላል፤ እሳቸው ግን ግጥም አያውቁም። ሩሯን አንስተው ከልጃቸው እግር ሥር አስቀመጡና የገና ዱላቸውን ሰጧት።

«ምቺያት» አሉ።

መታቻት። ሩሯ በመቺዎቹ አናት ላይ አልፋ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ከማዶው አውድማ ወደቀች። ሲሳደብ የነበረው ሁሉ አፉን ከፈተ። አባቷ ግን የሚያዩት ሩሯን ሳይሆን እሷን ነበር። «ናይሮቢ ለውድድር ተመርጫለሁ፤ የመጣሁት ምርቃትዎን ፈልጌ ነው» አለቻቸው።

«እዚያ የምትሄጂበት አገር፣ የሚጋጠምሽ አለ?»

«አለ አባባ። ብዙ ናቸው።»

«ሴቶች?»

«ሴቶች።»

አያ ሙላቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ያኔ ድንቹን ስትመቺ የምቆጣሽ ለድንቹ መስሎሽ ነበር። ውርጭ የመታው ድንች ለምን ይሆናል? ብቻሽን ስትመቺ ማየት አልችል ብዬ ነው።»

ደሳለች ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። «እንጀራዬን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ዓመታት ሙሉ ልትለው ፈልጋ ያልቻለችውን።

እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«እጅሽን ይባርከው። ያለምሽው አይሳትሽ። ከእንግዲህ ብቻሽን አትምቺ።»