እትዬ ስትጠብቅ

«አሥረኛዋን ጥያቄው ጋ ስትደርስ ቁረጣት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ አስተማሪ ይቀጥለዋል» አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ አፉን ወደ ማሙሽ ጆሮ አስጠግቶ። በእጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከተሰጠው ጀምሮ አልተነካም። «ይህን ለማንሳት ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ትምህርቱ ሰኞ ይከፈታል ተብሎ ለትምህርት ቤቶቹ ተነግሯል። እኔም የበላይ አለብኝ።»

ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ማሙሽ ይባል እንጂ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ ከአፏ ተቀብሎት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራዋል። እሱ ደግሞ እሷን «እትዬ» ስለሚላት ሰፈሩም፣ ያስተማረቻቸው ልጆችም «እትዬ» አሏት። ትናንት የቀበሩት እሷን ነው።

የተቀመጡት በእትዬ ሳሎን ነው። ሶፋዋ ወደ መኝታ ቤት ተገፍቶ፣ ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ለኃላፊው የደረሰው የሕፃን ወንበር ስለሆነ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ማንን ነው የምትቆርጡት?» አለች አክስቱ ከወዲያ ማዶ። ጆሮዋ ከባድ ነው፤ ሹክሹክታ ግን አያመልጣትም።

«ቪዲዮ ነው አክስቴ። የሥራ ነገር ነው።»

«የሥራ ነገር! አፈሩ ሳይደርቅ!» ኃላፊውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሻይህን ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ቀዘቀዘ እኮ።»

ኃላፊው ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

የማሙሽ ሥራ ለተማሪዎች የኦንላይን ትምህርት ማቀድ ነው። ምን በምን ይቀድማል፣ ምሳሌው የት ይግባ፣ ልጁ ሳይሰለች ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ይህን ሲያሰላ ይውላል። የስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ተራው ሲደርስ አስተማሪ ፍለጋ አልወጣም። ክፍልፋይን እትዬ ካላስተማረችው ማን ሊያስተምረው ነው? አሥር ክፍል አድርጎ ያቀደውን ይዞላት ሄደ። እሷም በቀይ እስክሪብቶ እንደ ፈተና አረመችና «ደህና ነው፤ አትቸኩል እንጂ» ብላ መለሰችለት።

መቅረጫ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ካሜራውን እንደ ተማሪ ዓይን ዓይኑን እያየች አስረዳች፣ ከዚያ ጠየቀች። «ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?» ብላም ዝም አለች። ዝም እንዳለች ቀረች።

«ቀጥዪ እንጂ እትዬ።»

«ማን መለሰ?»

«ማንም የለም እኮ!»

«ታዲያ ምን ብዬ ልቀጥል?»

ማሙሽ ሳቁ መጣ። ከካሜራው ጀርባ እንደ ተማሪ እጁን አወጣላት። እትዬ ራሷን ነቀነቀችና ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ አሠራር ይኸው ሆነ። እሷ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ እሱ እጁን ያወጣል፣ እሷ ነቅነቅ አድርጋ ትቀጥላለች።

ሲያቀናብረው ግን ያን ሁሉ ዝምታ ምን ያድርገው? ለሙከራ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች አሳየና ስንቱ እስከ የት እንዳየ የሚያሳየውን የግራፍ መስመር ተመለከተ። መስመሩ እትዬ በተናገረች ቁጥር ደህና ይሄዳል፤ ዝም ስትል ቁልቁል ይወርዳል። ማሙሽም ዝምታውን እስከዚያ ከተቀረጹት ከዘጠኙም ክፍሎች ቆርጦ ጣለው።

እትዬ የተቆረጠውን ቢሮው መጥታ አየችው።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ጠይቄ ራሴ አልመልስም።»

መስመሩን አሳያት። «ይኸው፤ ልጆቹ ጥለው የሚሄዱት አንቺ ዝም ስትዪ ነው።»

መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ ብላ አየች። «የሄዱትንስ አየሁ። የቀሩት ምን እያደረጉ ነው?»

«እሱን መስመሩ አይነግረንም።»

«ታዲያ ምኑን ነገረህ?» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ሞላ። ከገቡት መካከል አንድ ወፍራም የታክሲ ሹፌር ነበረ፤ ልጅ ሳለ እትዬ አስተምራዋለች። ሲገባ አልቅሶ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ በእንባው መሐል ፈገግ አለ።

«አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አወጣችኝ» አለ። «ጭንቅላቴ ድንጋይ ሆነ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ‹ሂድ ተቀመጥ፣ ደደብ› ብሎኝ ነበር። እሷ ጠበቀችኝ። ደወል ሁሉ ተደወለ፣ እሷ እቴ! መለስኩላት በመጨረሻ። ከእናቴም ከሚስቴም እንደዚያ የጠበቀኝ የለም።»

ሰው ሁሉ «እሷማ! እሷማ!» አለ። ማሙሽ ግን ሆድ ባሰው፤ ይህ ታሪክ የእሱም ነው፣ ያየበት ጎን ግን ሌላ ነው። እሱም ስድስተኛ ክፍል ሳለ እሷው ሰሌዳ ላይ አውጥታዋለች። ግማሽ ዳቦ ለሦስት ብንካፈል ለእያንዳንዳችን የሙሉው ስንት ስንተኛ ይደርሰናል? እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እህቱ ጠመኔ ይዛ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። የእረፍት ደወል ተደውሎ የክፍሉ ልጅ ሁሉ በእሱ የተነሳ ታግቶ ቀረ። ቤት ከገቡ በኋላም መልሱን አልነገረችውም። በማግስቱ አንድ ስድስተኛ መሆኑን ራሱ ደረሰበት፤ ውርደቱ ግን አልለቀቀውም። ሲያድግ ይህን ሥራ የመረጠውም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። ኦንላይን ላይ አንድ ልጅ ያልገባውን ዘልሎ ቢሄድ ማንም አያየውም።

አሥረኛውን ሊቀርጹ ሲገናኙ ሁለቱም ተኮሳትረው ነበር። እትዬ ቃሏን አክባሪ ናትና መጣች። የመጨረሻውን ትምህርት አስረድታ ስታበቃ ያንኑ ጥያቄ አነሳች፣ የግማሹን ዳቦ። ከዚያ ዝም አለች። ማሙሽ ከካሜራው ጀርባ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እሷም ጠበቀች። እሱም እልህ ያዘው።

«ቀጥዪ እትዬ፤ ለማንኛውም እቆርጠዋለሁ» አላት።

ከሌንሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ያኔ ማሙሽ ካሜራውን አጠፋና የሠላሳ ዓመቱን ቂም ዘረገፈው። «አንቺ የምትጠብቂው ሰው ለማዋረድ ነው! እኔን በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት እንዳዋረድሽኝ!»

እትዬ ክው አለች። እጇ ላይ የቀረውን ጠመኔ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ የጠበቅሁህ ስለምታውቀው ነው፣ ማሙሽ። ለማያውቅ ልጅማ እነግረዋለሁ» አለችና ወጣች።

ከዚያ ተኮራረፉ። እሱ እሷ ትደውል አለ፤ እሷም ሳትጠብቀው አልቀረችም። በመጠበቅ ደግሞ እሷን የሚችላት አልነበረም። ስልኩ ሲጮህ ግን የደወለው ትምህርት ቤቱ ነው። ደረጃ ስትወጣ ወድቃለች፣ ቶሎ ና አሉት። ሆስፒታል ሲደርስ ዓይኗ ተከድኗል። እጇን ይዞ «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ቢል፣ ደጋግሞ ቢል፣ መልስ የለም። የዚያን ዕለት መጠበቅ ምን እንደሆነ ገባው።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ኃላፊው ለመሄድ ሲነሳ፣ ማሙሽ ሊሸኘው በር ድረስ ወጣ።

«ዘጠኙን እንደገና እከፍታቸዋለሁ» አለው። «ዝምታዋን እመልሳለሁ።»

«ማሙሽ፣ ልጆቹ ጥለው ይሄዳሉ። መስመሩን ያሳየኸኝ አንተው ነህ እኮ!»

«የሚቀሩትስ?»

«እነማን?»

«ሲጠበቁ ቁጭ ብለው የሚያስቡት። ያለ ዝምታዋ ከሆነ እሷን ከነጭራሹ አውጥተህ ሌላ ሰው ቅረጽ። ስሟም አይጻፍ። ያቺ ሴትዮ እሷ አይደለችም።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ ዘጠኙ እንዳልከው ይሁን» አለ። «አሥረኛዋ ግን በእንጥልጥል አትወጣም። ጥያቄው ጋ ትቆረጣለች፤ ከጥያቄው በኋላ ሌላ ሰው ይገባል። በዚህ አትከራከረኝ።»

በዚህ የሚከራከርበት አፍ አልነበረውም። በእንጥልጥል ያስቀራት ማን ሆነና!

በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ የሳሎኑ ጥግ ተቀመጠ። በለቅሶ ቤት ኮምፒውተር መክፈቱ ያስወቅሰዋል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ የጣለውን ዝምታ አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ቦታው መለሰ። አክስቱ ከሩቅ ስታየው ቆይታ ተነስታ መጣችና ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ድምጿን ለብቻህ ትሰማለህ?»

የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለው። የእትዬ ድምፅ ሳሎኑን ሲሞላው ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ፤ ብርጭቆ ስታቀርብ የነበረችው ጎረቤት እንኳን ባለችበት ቆመች። እትዬ የግማሽና የሩቡን ጠየቀች፣ ዝምም አለች። ማንም አልሳለም፣ ማንም ወንበር አላንቀሳቀሰም። ከዚያ እትዬ ራሷን ነቀነቀች።

«ለማን ነው የምትነቀንቀው?» አለች አክስቱ በሹክሹክታ።

«ለእኔ።»

አክስቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችለትና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ዘጠኙን ጨርሶ ላከ። የቀረችው አሥረኛዋ ናት። ከፈታትና የምትቆረጥበትን ቦታ ለማግኘት ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። እትዬ ዳቦውን ሰሌዳው ላይ ሣለች፣ ለሁለት ከፈለች፣ ግማሹን አጠፋች። ዞር ብላ ጥያቄዋን ጠየቀች። መቁረጫው እዚህ ነበር፤ ጣቱ ግን አልታዘዝ አለ። ጥያቄው አለፈ።

እትዬ ቆማለች። ጠመኔው በእጇ ነው። ቀጥታ እሱን እያየችው ትጠብቃለች፣ ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር የለም። ማሙሽ ልጅ ሆኖ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሳለ ቀና ብሎ ቢያያት ኖሮ ይህንኑ ፊት ያይ እንደነበር አሁን ታወቀው። ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ያውቀዋል።

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንስቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጁን አወጣ።

እትዬ አልነቀነቀችም። ከላፕቶፑ ውስጥ የራሱ ድምፅ «ቀጥዪ እትዬ፤ ለማንኛውም እቆርጠዋለሁ» አለ። ምስሉም በዚያው ጠፋ፣ ስክሪኑም ጠቆረ። ማሙሽ እጁን አላወረደም።