ከአገጭ በታች

በቤቱ ውስጥ መመሪያ ማንበብን የሰነፍ ሥራ አድርጎ የሚቆጥር አንድ ሰው ነበር፤ የበኩር ልጁ። ታናሽ እህቱ «ፕሮፌሰሩ» ትለዋለች። ሹመቱ ሽሙጥ መሆኑን ያላወቀ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አክስቱ፣ የሟች አባቱ እህት፣ አልበማቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። አባቱ ሲስቁ የሚታዩበት ብቸኛው ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው። እናቱ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ፣ ጨርሶ ሳይጋረድ ያን ሳቅ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ፈልገዋል።

«አውቶቡሴ ከመነሣቱ በፊት አልበሜ እጄ ይግባ» አሉ አክስት።

«እትዬ፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ ያልቃል።»

ፕሮፌሰሩ አነስ አነስ ያሉትን ፎቶዎች መርጦ በስካነሩ መስታወት ላይ ደረደረ። ከመቅዳቱ በፊት በኮምፒውተሩ ለማየት ቅድመ ዕይታ አዘዘ። ስክሪኑ ላይ በየፎቶው ዙሪያ ሣጥን ሣለ፤ በሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ስለሚቀዳ፣ እያንዳንዱ ሣጥን ራሱን የቻለ የስካን ሥራ ሆነ፤ ጥራቱን፣ ቀለሙን፣ ስሙን ለየብቻ መደበለት። አንዴ ሲጫን ሁሉም በተራ ወጡ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እንደ ሊቅ በተከበረ ነበር።

መስታወቱን አጽድቶ ሁለተኛውን ዙር አስቀመጠ፤ ትላልቆቹን፣ የአባቱን ሳቅ ጨምሮ።

«ቅድመ ዕይታውን አትደግምም?» አለች እህቱ።

«ሣጥኖቹ እኮ አሉ!»

«ፎቶዎቹ ግን ሌሎች ናቸው።»

«ፎቶ ፎቶ ነው። ይልቅ ሻይ ቅጂልኝ።»

ሣጥኖቹ ታማኞች ነበሩ፤ ከተሣሉበት ንቅንቅ አላሉም። ፕሮፌሰሩም ውጤቱን ከፍቶ ማየት ራስን መጠራጠር ስለመሰለው፣ አልበሙን አስረክቦ አክስቱን በክብር ሸኘ።

ማምሻውን እናቱን ስክሪኑ ፊት አስቀምጦ ፎቶውን ከፈተ።

አባቱ ቁመተ ረጅም ስለነበሩ አናታቸው የፎቶው የላይኛው ጫፍ ድረስ ይደርሳል። ለትንንሾቹ የተለካው ሣጥን እዚያ አልደረሰም። ከአገጭ በታች ግን ጥራቱ ግሩም ነው፤ የክራባቱ ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል።

እናቱ ተጠግተው ብዙ አዩ። «ጫማው የሱ ነው» አሉ በመጨረሻ።

እህቱ ስልኩን አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

ፕሮፌሰሩ ለአክስቱ ደወለ። እስኪጨርስ ሰሙት።

«ልጄ፣ ወንድሜን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ አንገቱን እንድትቆርጠው ብዬ ደግሞ አልበሜን አልልክም። ማሽንህን ተሸክመህ ና።»

በማግስቱ ስካነሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጎኑ የተቀመጠ ሰው «ሚዛን ነው?» ሲለው «አዎ» አለ። ለማብራራት ሞራል አልነበረውም።

አክስቱ ቤት አንድ ፎቶ ብቻ አስቀመጠ። ቅድመ ዕይታ፣ አዲስ ሣጥን፣ ለእርግጠኝነት እንደገና ቅድመ ዕይታ። አክስቱ ግን የፎቶውን ጥግ አለቅም አሉ።

«እትዬ፣ ጣትዎን ያንሱ እንጂ።»

«አንተን አምኜ?»

አሁን አባቱ በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ከነሙሉ ራሳቸው ይስቃሉ፤ በጥጉ በኩል አንድ ወፍራም አውራ ጣት ይታያል። ፕሮፌሰሩ ሣጥኑን ትንሽ አጥብቦ ጣቱን ሊያስወጣው ቢያስብ፣ እናቱ እጁን ያዙት።

«ተወው፤ አንተ መቁረጥ ስትጀምር የት እንደምታቆም አይታወቅም። ጠባቂ ይኑረው።»